ደንበኛው ሳይደውል እንዲያዝዝ፦ የድረ ገጽ የሽያጭ ጽሑፍ አዘገጃጀት

ድረ ገጽ ያሠሩ ነጋዴዎች ቅሬታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሰው ገብቶ ያያል፣ አይገዛም። ገጹን ከፍተው ሲያነቡት ምክንያቱ ወዲያው ይታያል። ስለ ድርጅቱ ራእይና ተልእኮ ሦስት አንቀጽ ተጽፏል፤ «ጥራቱን የጠበቀ»፣ «በተመጣጣኝ ዋጋ»፣ «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» የሚሉትም አልቀሩም። ዕቃው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ልኩ ባይሆን ምን እንደሚደረግ ግን የትም የለም። ደንበኛው ይህን ለማወቅ መደወል አለበት። አብዛኛው አይደውልም፤ በተለይ ዋሽንግተን ሆኖ፣ እርስዎ በተኙበት ሰዓት የሚያየው።

የሽያጭ ጽሑፍ ሥራው ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቀውን፣ በሚጠይቅበት ቅደም ተከተል መመለስ ነው። ማባበሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ መልሱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ብዙም አያስፈልግም። ለምሳሌ እንዲሆነን ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እያሠራ ለአዲስ አበባም ለውጭ አገርም የሚሸጥ ሱቅ እንውሰድ። እርስዎ የቤት ዕቃ ቢሸጡ፣ ማር ቢያከፋፍሉ ወይም የሒሳብ ሥራ ቢሠሩ አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልግዎት ደብተር፣ እስካሁን ከደንበኞች ጋር የተጻጻፉት መልእክት፣ አንድ ርካሽ ስልክና ከንግድዎ ጋር ግንኙነት የሌላቸው አምስት ያህል ሰዎች ናቸው። ጸሐፊ መቅጠር የግድ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ከመጻፍዎ በፊት ጥያቄ ይልቀሙ

ብዙ ሰው ባዶ ገጽ ፊት ቁጭ ብሎ «ምን ብዬ ልጀምር?» ይላል። መልሱ ቴሌግራምዎ ውስጥ አለ። ያለፉትን ጥቂት ወራት መልእክቶች ወደ ኋላ እየሄዱ ያንብቡና ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ፣ ቃሉን ሳያቃኑ፣ ደብተር ላይ ይገልብጡ። «ነጠላውም አብሮ ነው?» «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» «ፎቶው ላይ ያለው ራሱ ነው የሚመጣው?» «ለጥምቀት ይደርስልኛል?» «ልኬን ማን ይለካኛል?» ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ አዲስ መስመር አይክፈቱ፤ ከፊተኛው አጠገብ ጭረት ይጨምሩ። መጨረሻ ላይ ጭረት የበዛበት ጥያቄ ገጹ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያነሰው ወደ ታች ይወርዳል። የገጽዎ ንድፍ ተሠራ ማለት ነው።

መልእክት ብቻ አይበቃም። ሱቅ ውስጥ የምትሸጠውን ልጅ ይጠይቋት፤ ደንበኛ ዕቃውን አንሥቶ ሲመልሰው ምን እንደሚል ከእርስዎ በተሻለ እሷ ታውቃለች። ቀድሞ ለገዙ ሁለት ሦስት ሰዎችም ይደውሉና «ከመክፈልሽ በፊት ምን አሳስቦሽ ነበር?» ይበሉ። «ለምን ገዛሽ?» የሚለው ጥያቄ ምስጋና እንጂ መረጃ አያመጣም።

ይህ ለቀማ የሰውን ቃልም ይሰጥዎታል። ሻጮች «ባህላዊ አልባሳት» እያሉ ይጽፋሉ፤ ገዢዋ የምትለው ግን «የሐበሻ ቀሚስ» ነው። በጉግል ስትፈልግም የምትጽፈው እሱን ነው፤ ያውም አንዷ በ«ሀ»፣ ሌላዋ በ«ሐ»፣ ሦስተኛዋ በላቲን ፊደል። በጽሑፍዎ አንዱን አጻጻፍ መርጠው ይጽኑበት፤ ገጹ የራሱ መፈለጊያ ሳጥን ካለው ግን «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «ጸ፣ ፀ» እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ለገጹ ሠሪ ይንገሩት። አለበለዚያ መደርደሪያው ላይ ያለ ዕቃ «አልተገኘም» እየተባለ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ገጽ አንድ ሰው፣ አንድ ተግባር

ለሙሽራና ለሚዜዎቿ አሥር ቀሚስ የሚያሠራ ቤተሰብና ለልጇ አንድ ቀሚስ የምትፈልግ የሚኒሶታ እናት የሚያሳስባቸው የተለያየ ነው። ለሁለቱም በአንድ ገጽ ከጻፉ ሁለቱም የራሳቸውን ሲፈልጉ ይደክማሉ። ገጹን ይክፈሉት። ከዚያ አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ልኩን ይላክ፣ ቀጠሮ ይያዝ ወይም ይክፈል። ይደውል፣ ቻናላችንን ይቀላቀል፣ ፌስቡክ ላይ ይውደደን ብለው ሁሉንም ከጠየቁ አንዱንም አያገኙም።

ደረጃ 3፦ ርዕሱንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ይጻፉ

የድረ ገጽ አጠቃቀምን በማጥናት የሚታወቀው ያኮብ ኒልሰን በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንታኔ፣ ሰው አንድን ገጽ የሚጎበኝበት ጊዜ ቢበዛ 28 በመቶውን ቃል ለማንበብ ብቻ እንደሚበቃው፣ በእርግጥ የሚያነበው ግን ወደ 20 በመቶ እንደሚጠጋ አስልቷል። ስለዚህ ርዕሱ፣ ንዑስ ርዕሶቹ፣ የፎቶ መግለጫውና ዋጋው ሌላው ሳይነበብ ለብቻቸው ነገሩን መናገር አለባቸው።

አሁን ይህን እንይ፦ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ። ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ ባህላዊ አልባሳትን በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርባል።» መፈተኛው ቀላል ነው። የጎረቤትዎን ሱቅ ስም ያስገቡበት። አሁንም እውነት ከሆነ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም፤ ይጣሉት። በምትኩ እንዲህ ቢባልስ?

«በልክዎ የሚሰፋ የእጅ ፈትል ቀሚስ፦ አዲስ አበባ በ15 ቀን፣ አሜሪካና አውሮፓ በ25 ቀን እጅዎ ይገባል።»

ከሥሩ፦ «ልክዎን በስልክ ይልካሉ፤ ጥለቱን ከ12 ናሙና ይመርጣሉ፤ ግማሹን ሲከፍሉ ሥራው ይጀመራል።»

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ የራስዎን ይተኩ፤ ሲተኩም ሸማኔው በሚታመምበት ወር እንኳ የሚጠብቁትን ቀን ይጻፉ። አዲሱ ርዕስ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነና መቼ እንደሚደርስ ተናግሯል። ቅጽል የለበትም፤ ቃለ አጋኖም የለበትም። ሦስት ቃለ አጋኖና የእሳት ምስል የተደረደረበት ርዕስ ሻጩ መጨነቁን ብቻ ነው የሚያሳብቀው።

የድርጅቱ ምሥረታ ታሪክ እዚህ አይገባም። «ስለ እኛ» የሚል ገጽ አለዎት፤ እዚያ ይቀመጥ።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን በእጁ እንደያዘው አድርገው ይግለጹለት

ሱቅ የመጣ ሰው ጨርቁን ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፣ ስፌቱን ገልብጦ ያያል። በስልክ የሚያይ ሰው ይህን ሁሉ የሚያደርገው በእርስዎ ቃላት ነው። «ምርጥ»፣ «ማራኪ»፣ «ልዩ» ብለው በጻፉበት ቦታ ሁሉ «እንዴት ታወቀ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይጻፉና ቅጽሉን ይሰርዙ። የቀሚሱ መግለጫ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ጨርቁ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ከፋብሪካ ጨርቅ ይወፍራል፤ ክሩም እዚህም እዚያም ይወጣጣል። ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ በማሽን የተጠለፈ አይደለም። እስከ ጉልበት ገበር አለው። ነጠላው በዋጋው ውስጥ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይታጠብ፤ ማሽን ውስጥ ከገባ ይሸበሸባል። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ነው፤ የለበሰችው ቀሚስ ከትከሻ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ32 ነው።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ ለተጻፈ አንድ ጥያቄ መልስ መሆኑን ልብ ይበሉ። «ክሩ ይወጣጣል» እና «ማሽን ውስጥ ከገባ ይሸበሸባል» የሚሉት ደግሞ ጉድለት የሚናገሩ ናቸው። ሻጮች ይህን እንዲጽፉ ሲነገራቸው ይደነግጣሉ። ነገር ግን ጉድለቱን ከእርስዎ አፍ የሰማ ገዢ ስለ ገበሩና ስለ ጥለቱ ያሉትንም ያምናል፤ ቀሚሱን ማሽን ውስጥ ከትታ የተቆጣች ደንበኛም አትደውልልዎትም። የፈትሉን ሻካራነት ደብቀው የሸጡለት ሰው ግን ተታለልኩ ይላል፤ ያው ሻካራነት የእጅ ሥራ ለመሆኑ ዋናው ምልክት ሆኖ ሳለ።

አገልግሎት የሚሸጡ ከሆነ የሚዳሰስ ነገር ስለሌለ ሂደቱን ይግለጹ፦ ደንበኛው ምን ይሰጥዎታል፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ፣ በስንተኛው ቀን ምን እጁ ላይ ይገባል? የሒሳብ ባለሙያ «ሙያዊ የፋይናንስ መፍትሔ እንሰጣለን» ከሚል ይልቅ «ደረሰኞችዎን በየሳምንቱ ከሱቅዎ እንወስዳለን፤ ወሩ ባለቀ በ10 ቀን ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያዎን አዘጋጅተን ለፊርማ እናመጣለን» ቢል ገዢው ምን እንደሚገዛ ያውቃል።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። የሌላ ሱቅ መግለጫ አይገልብጡ። እንግሊዝኛውንም በማሽን አስተርጉመው አይለጥፉ፤ በሁለት ቋንቋ መሸጥ ካስፈለገ፣ ውጭ ላደጉ ልጆች ያስፈልጋልም፣ ሁለቱን ገጾች ለየብቻ ይጻፏቸው።

ደረጃ 5፦ ዋጋውን ይጻፉ

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣ አያሳስበንም፤ መቅረት ግን አለበት። ሰው ዋጋ ካላየ ወይ ውድ ነው ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ፊቱ ታይቶ ዋጋ ሊጠራበት እንደሆነ ይጠረጥራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል።

ሻጮች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። «ተፎካካሪ ያየዋል»፤ ተፎካካሪዎ ደንበኛ መስሎ በአንድ መልእክት ሊጠይቅዎት ይችላል። «ዋጋው በየጊዜው ይለወጣል»፤ እንግዲያው «ይህ ዋጋ እስከ ጥር 30 የጸና ነው» ይበሉ። «እንደ ሥራው ይለያያል»፤ መነሻ ዋጋ ያስቀምጡና ምን ሲጨመር ስንት እንደሚጨምር በአንድ ምሳሌ ያስሉ፦ ቀሚሱ ይህን ያህል፣ ጥለቱ እስከ ወገብ ከሆነ ይህን ያህል ተጨማሪ፣ የልጅ ከሆነ ይህን ያህል ቅናሽ። «ደንበኛ መከራከር ይወዳል»፤ ዋጋ የማይቀንሱ ከሆነ በትሕትና ይናገሩት፤ ለሦስት ቀሚስ የሚቀንሱ ከሆነ ያንንም ይጻፉ፤ ክርክሩን ቀድመው ጨረሱት ማለት ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስቡ ከሆነ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ይግለጹ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ ለውጭ ደንበኛ የብር ዋጋ አስቀምጦ «በዕለቱ ምንዛሪ» ማለት ሒሳቡን ለገዢው መስጠት ነው። የዶላር ዋጋ ለብቻው ያውጡ።

ደረጃ 6፦ እንደማይጠፉ ያሳዩ

ከሩቅ የሚገዛ ሰው ትልቁ ፍርሃቱ ከከፈለ በኋላ ስልኩ እንዳይዘጋበት ነው። «ታማኝ ነን» የሚለው ቃል ይህን ፍርሃት አያነሣም። የሚከተሉት ያነሡታል።

አድራሻውን ሰው በሚናገርበት መንገድ ይጻፉ፦ ከየትኛው ታክሲ መያዣ በየት በኩል፣ ስንት ሜትር፣ ከምን አጠገብ፣ በሩ ምን ቀለም። ካርታውንም ያያይዙ። መልእክት የሚመልሰው ሰው ማን እንደሚባልና በስንት ሰዓት እንደሚመልስ ይግለጹ። ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ፤ «ከ3 እስከ 12 ሰዓት» የሚለው አዲስ አበባ ግልጽ ነው፤ ለንደን ያለችው ደንበኛዎ ግን በውጭው አቆጣጠር ልታነበው ትችላለች። «ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ይበሉ። ፎቶው የራስዎ ዕቃ፣ በቀን ብርሃን የተነሣ ይሁን። ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ በመጀመሪያው ማዘዣ ይጋለጣል።

ከገዙ ሰዎች ምስክርነት ሲጠይቁ «አስተያየት ጻፊልን» ካሉ «በጣም አሪፍ ነው፣ በርቱ» ይመጣል። ይልቁንም ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ፈርተሽ ነበር? ምን ደረሰሽ? ለማን ትመክሪዋለሽ? የምትመልሰውን እንዳለ፣ ከነአነጋገሯ፣ በፈቃዷ ያውጡት፤ የመጀመሪያ ስምና ከተማ ይበቃል። የፈጠራ ምስክርነት አይጻፉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አንባቢም ይነቃል፤ አምስት ሰው በአንድ ብዕር ሲያመሰግን ያስታውቃል።

ደረጃ 7፦ ክፍያን፣ መድረሻ ቀንንና መመለሻን በአንድ ቦታ ያኑሩ

ብዙ ሽያጭ የሚያልቀው ወይም የሚሞተው እዚህ ነው። ሰውየው ወስኗል፤ የቀረችው ትንሽ ጥርጣሬ ናት።

ክፍያ፦ የሚቀበሉትን ሁሉ በስም ይዘርዝሩ፤ ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብር፣ በቻፓ በኩል የሚከፈል፣ ለውጭ ደግሞ ካርድ። በባንክ ዝውውር የሚቀበሉ ከሆነ የሒሳቡ ስም ከሱቁ ስም የሚለይበትን ምክንያት ይንገሩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። የደረሰኙን ስክሪንሻት የት እንደሚልክና በስንት ሰዓት ውስጥ «ደርሶናል» እንደሚሉትም ይጻፉ። ቅድሚያ ክፍያ ካለ ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ይግለጹ።

ቀን፦ ለበዓል የሚሸጥ ዕቃ የማዘዣ መጨረሻ ቀን ያስፈልገዋል። «ለጥምቀት እንዲደርስ እስከ ታኅሣሥ 5 (ዲሴምበር 14) ይዘዙ» ማለት «ይፍጠኑ! ጥቂት ነው የቀረው!» ከማለት ይበልጣል፤ እውነት ነውና። በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት፤ ውጭ ያለው ሰው ታኅሣሥ 5 መቼ እንደሚውል ለማስላት አይቀመጥም።

ቀረጥ፦ ወደ አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራር ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ታግዷል። ቀረጥ ቢመጣ ከፋዩ ማን እንደሆነ ገጹ ላይ ከሌለ፣ ደንበኛዋ ፖስታ ቤት በር ላይ ስትጠየቅ የምትሰድበው እርስዎን ነው።

መመለሻ፦ በልክ የተሰፋ ልብስ ተመልሶ ለሌላ አይሸጥም፤ ስለዚህ «አይመለስም» ማለት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ጋር አንድ መውጫ ይስጡ። «ቀሚሱ ከላኩልን ልክ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ በነፃ እናስተካክላለን፤ ውጭ አገር ከሆኑ ለልብስ ሰፊ የከፈሉትን እስከ 30 ዶላር እንተካለን።» ይህን ቃል የሚጽፉት ሊፈጽሙት ከቻሉ ብቻ ነው፤ የሚያሠሯቸውን ሰፊዎች አስቀድመው ያማክሩ።

ደረጃ 8፦ ቁልፉና ቅጹ

ደንበኛው የሚጫነው ቁልፍ ላይ «ላክ» ወይም «ቀጥል» የሚለው ምን እንደሚሆን አይናገርም። «ልኬን ልላክ»፣ «ቀጠሮ ልያዝ» ይናገራል። ከሥሩ ቀጥሎ የሚሆነውን በአንድ መስመር ይጨምሩ፦ «አሁን አይከፍሉም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ዋጋውን አረጋግጠን እንጽፍልዎታለን።» በ«እርስዎ» ከጀመሩ እስከ መጨረሻው በ«እርስዎ» ይጨርሱ፤ ላይ «ይምረጡ» ብሎ ታች «አስገባ» የሚል ገጽ የሁለት ሰው ሥራ ይመስላል።

ቅጹን ያሳጥሩት። ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀን፣ የሥራ ዓይነት ለቀሚስ ምን ያደርጋሉ? ስም፣ ስልክ፣ ልክ፣ ከተማ በቂ ነው። ልክ የት የት እንደሚለካ ግን በሥዕል ያሳዩ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የእጅጌ ርዝመት።

ደረጃ 9፦ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ በስልክ ይዩ፣ ለሰው ያሳዩ

ጽሑፉን አንድ ሌሊት አሳድረው ጮክ ብለው ያንብቡት። ትንፋሽ ያጠረዎት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ይቁረጡት። ደንበኛ ፊት ቆመው የማይሉትን ቃል ያውጡት።

ከዚያ ርካሹን ስልክ ያንሡ። ዋጋውና ቁልፉ ብዙ ሳይወርዱ ይታያሉ? ፊደሉ በትክክል ይነበባል? ከድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተገለበጠ ጽሑፍ በሌላ ስልክ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ሁሉም በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ሠሪው እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ ፊደል ይጫንልዎት፣ በመስመሮቹ መካከልም ከላቲኑ ሰፋ ያለ ክፍተት ይተው። ዋጋና መግለጫን ፎቶ ላይ አይጻፉ፤ ዳታ ሲደክም ፎቶው ሳይከፈት ይቀራል፣ ጽሑፉም አብሮ።

በመጨረሻ አምስቱን ሰዎች ለየብቻ ያስቀምጡና ገጹን ያሳዩ። «እንዴት ነው፣ ወደዳችሁት?» አይበሉ፤ ይሉኝታ ይዟቸው «ቆንጆ ነው» ይላሉ። ይልቁንም ስልኩን ተቀብለው ይጠይቁ፦ ምን ይሸጣል? ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? ብትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ? ሁለት ሰው የሳተው ጥያቄ ካለ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። አያስረዷቸው፤ ገጹን ያስተካክሉ።

ደረጃ 10፦ ገጹ ከወጣ በኋላ

ደብተሩን አይዝጉት። ገጹን አይቶ የደወለ ሰው የጠየቀውን አሁንም ይጻፉ፤ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከመጣ መልሱ ወይ የለም ወይ አይታይም። ሲያሻሽሉ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ርዕሱንም ዋጋውንም ፎቶውንም በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። ሽያጭን ሲያወዳድሩም የጥምቀትን ሰሞን ከዐቢይ ጾም ሳምንታት ጋር አያወዳድሩ፤ ልዩነቱን ያመጣው በዓሉ ነው።

ዋጋና ቀን የሚቀይረውን ሰው በስም ይመድቡ። ሱቅ ውስጥ ዋጋ በተለወጠበት ዕለት ገጹም ይለወጥ፤ ካልተለወጠ ግን በአሮጌው ዋጋ ያዘዘውን ደንበኛ በአሮጌው ዋጋ ያስተናግዱት።